ፌንጣ ያልተነሳችበት ዓርብ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዶሮ ነው። ስንት ነገር እያለ ስለ ዶሮ። የጎረቤቴ የመምህር ተሻለ ዶሮዎች ለሦስተኛ ጊዜ ፌንጣ ጋቢና ውስጥ አደሩ። የግራው መስኮት እስከ ላይ እንደማይዘጋ ደርሰውበታል። አንዷ ጭራሽ የሾፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል ጣለች። እንቁላሉን በመሀረብ ጠቅልዬ አጥሩ ጋ ሄድኩና፣ «ተሻለ፣ መኪናዬ ወልዳለች፤ አባትየው ካንተ ግቢ ነው፣ ቀለብ ቁረጥ» አልኩት። አልሳቀም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ፊቱም እንደ ካርታ ተወጥሮ ቀርቷል። «መኪናህን ከሰው መንገድ ላይ አንሳ፣ ዶሮዬም ሌላ ማደሪያ ትፈልጋለች» አለኝ።

ፌንጣ የምንላት ሁለተኛዋ መኪናችን ናት። የምታበላን ዋናዋ፣ ከዲላ ሐዋሳ ቡና የምታመላልሰው አይሱዙ ናት። ፌንጣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ኋላዋ ክፍት የሆነ፣ ከእኔ ጥርስ የባሰ የወላለቀች ትንሽ ፒካፕ ናት። ግን አራቱም ጎማዋ ይስባል። ሰፈራችን ከአስፋልቱ በታች ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ነው። ዝናብ ሲጥል አይሱዙዋ አስፋልቱ ላይ ቆማ ትቀራለች፣ ባጃጅ ይንሸራተታል፣ ፌንጣ ብቻ ዳገቱን እየዘለለች ትወጣለች። ስሟም ከዚያ የመጣ ነው።

ወንድሜ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከጨረታ ነው ያወጣት። ግማሿ የእኔ፣ ግማሿ የልጁ የሱፍያን ናት። ሱፍያን ትሸጥ ይላል። ሚስቴ ጦይባ ትሸጥ ትላለች። ተሻለ ትነሳልኝ ይላል። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ በጠላት ቁጥር ይበልጥ እወዳታለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ሱፍያን ሳይጠይቀኝ ፌንጣን ይዞ ኮንጋ ገጠር ሄደ። የጓደኛው እሸት ቡና በዕለቱ ማጠቢያ ጣቢያ ካልደረሰ ይበላሽ ነበር አለ። ጭቃው እስከ መስታወቱ ደርሷል። ቤንዚን ጠብታ የለም። ጦይባ ፊት፣ ኮንጋ ያለችው ቡና ስሟ ማን ይባላል ብዬ ጠየቅኩት። ጆሮው ቀላ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ አጎቴ፣ ሰው ፊት አታሹፍብኝ አለ።

ሰው በሌለበት ማሾፍ ምን ደስ ይላል? መቀጫውን እያሰብኩበት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የተሻለ ልጅ ውዳሴ ካገባችበት ከቡሌ ወርዳ ገባች። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ነው። ልጅ ሆና ፌንጣ ኋላ ላይ ቆማ እየጮኸች ከሱፍያን ጋር ትሄድ ነበር። ሆዷን አይቼ፣ ይሄ ልጅ ነው ወይስ የቡሌ ቆጮ ብላት ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ቤት በእኔ ቀልድ የሚስቅ እሷ ብቻ ናት።

ወደ ማታ ተሻለ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ፣ ዝናቡ እንዲህ ከቀጠለ አምቡላንስም ባጃጅም ወደኛ እንደማይወርድ ነገረኝ። ቀኗ ከወሩ መጨረሻ በፊት አይደርስም ብለዋታል፤ እሱ ግን አላመነም። «ብቻ ፌንጣ አትራቅብን» አለ። በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። ለዚች ቃል ስንት ዓመት ስጠብቅ ስለነበር ዝም ብዬ ላሳልፈው አልቻልኩም፤ «ከመንገድ ላይ ትነሳ አላልክም ነበር?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ፣ ግድ የለህም፣ ቆማ ትጠብቃታለች አልኩት። በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ነገ ከአይሱዙዋ ጋር ሐዋሳ እወርዳለሁ፣ አድሬ ነው የምመለሰው። ሱፍያን ጓሮ ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ «ነገ አጎቴ የለም፣ እመጣለሁ» ይላል።

ስለዚህ ኮፈኗን ከፍቼ፣ የእሳት ማከፋፈያውን ክዳን አንስቼ ሮተሯን ነቀልኩ። ሮተር ለካንዴላዎቹ እሳት የምታከፋፍል፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ ናት። እሷ ከሌለች ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይነሳም። ይሄን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ፊደልን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ መኪናን መንገድ ላይ ከቆመ መኪና ነው የተማርኩት። ሱፍያንንም በአሥራ አራት ዓመቱ ዓይኑን በሻርፕ አስሬ ሮተር አስገጥሜዋለሁ። ነገ ግን የሚገጥመው አያገኝም። ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ናት። ቁልፉን እያዞረ ሲራገም እየታየኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ጦይባ ምን ያስቅሃል አለችኝ። ምንም አልኳት።

የውዳሴ ቀን ገና ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15፣ ሐዋሳ

ወረፋ። ቡናው የሚራገፈው ነገ ነው። ዓሣ በላሁ።

ሱፍያን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስድስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። ሾፌራችን ዳምጠው፣ ጋሼ፣ አንሱለት እንጂ ይለኛል። ይቅመሳት አልኩት። ሰባተኛው ላይ ስልኩን አጠፋሁት። ዲላ ከባድ ዝናብ ነው አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ስድስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። የተሻለ ሚስት ሥርጉት በሯ ላይ ነበረች፤ አይታኝ ፊቷን አዞረች። ጦይባ ቁጭ በል እንኳ ሳትለኝ ነገረችኝ።

ምጡ የመጣው ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሥርጉት በባዶ እግሯ እየሮጠች ወደኛ መጣች። ሱፍያን ፌንጣ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። እስኪሞት ድረስ አዞረ፤ ባትሪው አለቀ። ስድስት ሰው ገፋት፣ ዳገቱ በጭቃ መለሳቸው። ከዚያ መሰላል ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው ውዳሴን ተሸከሟት። ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። አስፋልት ላይ ባጃጅ አግኝተው ሆስፒታል እስኪደርሱ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ወንድ ልጅ ነው። ሲወለድ አላለቀሰም። ኦክስጅን ላይ ነው። ውዳሴ ብዙ ደም ፈሷት ደም ተሰጥቷታል።

ሱፍያን ደረጃው ላይ ተቀምጧል። እጁ በግራሶ እንደጠቆረ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ አልታጠበም። ክዳኑን ከፍተህ አየህ ወይ አልኩት። ከፍቼዋለሁ አለ። ታዲያስ ስለው ቀና ብሎ ጃኬቴን አየ።

«ባትሪው ነው» አለ።

ባትሪው ነው። እሺ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ዝናብ። ጃኬቱን ሳልለብስ ወጣሁ። ሞቆኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ ነበር፤ ሥርጉት ፌስታሉን ተቀብላ ከበሩ ውጭ አስቀመጠችው። ውዳሴ ተኝታለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሕፃኑን በመስታወት አሳዩኝ። አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ። እጁን ይጨብጣል፣ ይዘረጋል፣ ይጨብጣል። የሆነ ቀልድ ፈለግኩ። አልመጣልኝም።

ነርሷ ለማንም ሳትል፣ ትንሽ ቀደም ብላ ደርሳ ቢሆን አለችና መርፌዋን ማዘጋጀት ቀጠለች።

ተሻለ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። ባትሪውን መቼ ገዛኸው አለኝ። ዘንድሮ አልኩት። ታዲያ እንዴት አለ። ሰውየው በዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ክብ ሠርቷል፤ አራት ቀን አልተኛም። እኔም፣ እኔ እንጃ፣ ልጅ አይደል፣ ሬዲዮ ከፍቶባት አድሮ ይሆናል አልኩት።

ይቺን መስመር ደግሜ አነበብኳት። አልሰርዛትም። ሬዲዮኗ ከሠራች አራት ዓመት ሆኗታል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

መስጊድ ሄድኩ። በኋላ ረድፍ ሰገድኩ። ልጁ ኦክስጅኑ ተነስቶለታል አሉ። ዓይኑ ብርሃን አይከተልም ትላለች ሥርጉት። ሌላ ሴት ናት የነገረችኝ፤ ሥርጉት እኔን አታናግርም።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

የሰፈሩ እድር ተሰበሰበ። ስለ ድንኳኑ ይነጋገራሉ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ወሬው ግን ስለ ሱፍያን ነበር። የኮንጋዋን ልጅ ሲያመላልስ ባትሪ ጨረሰ አሉ። ሬዲዮ ከፍቶ ያድራል አለ አንዱ። ቃሏ ከእኔ አፍ ወጥታ፣ ሰፈሩን ዞራ፣ በአምስተኛ ቀኗ ስትመለስ ሰማኋት።

ሱፍያን መሃል ቆሟል። ወደኔ አያይም። አንድ ሽማግሌ፣ እስቲ አንተ አጎቱ ምን ትላለህ አሉኝ። አፌን ስከፍት ምን እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። «ፌንጣም ሴት ናት፤ በኮንጋዋ ቀንታ ነው እምቢ ያለችው» አልኩ።

ሰዉ ሳቀ። እፎይ ያለ ሳቅ ነው የሳቀው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚስቅበት አጥቶ ነበር። ተሻለ አልሳቀም። ሱፍያን ሄዶ ተንበርክኮ የተሻለን ጉልበት ሳመ፤ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ተሻለ ትከሻውን ነካው እንጂ አላነሳውም።

ልጁ መኪና የማያውቅ ደደብ ነው። ክዳን ከፍቶ ባትሪ ነው የሚል።

ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዓይኑን አስሬ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሱፍያን የለም። ዱመርሶ ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ አግኝቷል አለች ጦይባ። ልብሱን ወስዷል። የፌንጣን ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ሰቅሎታል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ደላላውን ታረቀኝን ጠርቼ ፌንጣን ሽጥልኝ አልኩት። ስንት ዓመት ሲለምነኝ የኖረ ሰው ነው፣ ጆሮውን ማመን አቃተው። እሑድ ገዢ ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ፤ መካኒክም አብሮ ይመጣል አለ። መካኒክ ለምን አልኩት። አልነሳ ያለህን ሞተር ሊያይ ነዋ አለ።

መካኒክ ክዳኑን ይከፍታል። የጎደለውን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። አልሸጥም ብዬ መለስኩት። ታረቀኝ እየተሳደበ ዳገቱን ወጣ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ተንሸራተተ፣ ከዚያ የበለጠ ተሳደበ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሳምንት እስቅበት ነበር።

ጦይባ ከሱቋ በር ሆና፣ «ስትወዳት አልሸጥካት፣ ስትጠላት አልሸጥካት፤ ምን ልታደርጋት ነው?» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ውዳሴና ልጁ ወደ ቤት ገቡ። በወንበር ተሸክመው አወረዷቸው። በፌንጣ አጠገብ ሲያልፉ ሥርጉት ጎማዋ ላይ ተፋች። እኔ መጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ጠዋት ሻይዬ አጠገብ፣ ስኳሩ ጎን፣ ሮተሯ ተቀምጣለች። ጦይባ ጃኬቱን ልታጥብ ኪሱን ፈትሻ ነው።

ይቺ ከኪስህ ወጣች አለች። የአይሱዙዋ ዕቃ ናት፣ የተበላሸች አልኳት። ሃያ ሰባት ዓመት የመኪና ሰው ሚስት ሆና የኖረች ሴት ናት። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ እንደሌለው፣ እሳት የሚያከፋፍልለትም እንደማያስፈልገው አሳምራ ታውቃለች። ሻዩን ቀድታልኝ ወጣች። ምሳ አላቀረበችም። እራት ሳህን ላይ አድርጋ በሩ ሥር አስቀመጠችው፤ ለእንግዳ ውሻ እንደሚደረገው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። አመልካች አቶ ተሻለ። በመንገድ ላይ የቆመው የማይሠራ ተሽከርካሪ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲነሳ። ጽሑፉ የእሱ ነው፤ ነጠላ ሰረዞቹን አውቃቸዋለሁ፤ የሱቃችንን ታፔላ ሲያርምልኝ ያስቀመጣቸው ዓይነት ናቸው።

ቀጥ ብዬ ሄድኩበት። የማይሠራ ያለህ ማነው አልኩት። ተናድጄ ነበር፣ ከልቤ። ተሻለ አጥሩን ይዞ አየኝ። «አቶ ከማሉዲን፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ እምቢ ብላለች ያሉት?» አለኝ።

ሃያ ዓመት አንተ ሲለኝ ኖሮ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ሱፍያን ጋ ደወልኩ። አምስት ጊዜ አላነሳም። እሱ ያኔ ሰባት ጊዜ እንዳልደወለልኝ ቆጥሬ ልተወው ነበር፤ በስድስተኛው አነሳ። ኋላው ቡና የሚያጥቡ ሰዎች ይጮኻሉ። ተመለስ፣ ቤቱ ያንተም ነው አልኩት። የኮንጋዋ እንዴት ናት ብዬ ቀልድ ጀመርኩ፤ አቋረጠኝ።

«አጎቴ፣ ባትሪው ነው ያልኩት አንተ እንድትነግራቸው ጊዜ ልስጥህ ብዬ ነው» አለ። «በዚያች ሰዓት ሰዉ ሁሉ ዱላ ይዞ ነበር። አንተ ስትመጣ ይገድሉሃል ብዬ ፈራሁ። ነገ ይነግራቸዋል አልኩ። ከነገ ወዲያ አልኩ። ከዚያ እድሩ ላይ አሳቅክብኝ።»

ክዳኑን ስትከፍት ነው ያወቅከው አልኩት።

«ከመክፈቴ በፊት ነው ያወቅኩት። ስልክህን ስታጠፋው።»

እነግራቸዋለሁ አልኩት። አላህን ጠርቼ ነው ያልኩት። እሺ ብሎ ዘጋ። አላመነኝም። ቀልደኛ ሰው ሲምል ማን ያምነዋል? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያምነኝ ነው የሳቅኩበት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ተሻለ ቤት እንግዳ ነበር። ነገ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

እነ ተሻለ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ዝናብ። ባትሪውን ግን ቻርጅ አስደርጌ በጋሪ አስወርጄዋለሁ። ራሴ ገጥሜዋለሁ። የቀረችው ሮተሯ ብቻ ናት።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ከጠዋት ጀምሮ እያሰብኩ ነው። ሁሉንም ነገር የግድ በአፍ መናገር አለብኝ? ነገ ማክሰኞ ተሻለ ጡረታ ሊቀበል ይወጣል፣ ሥርጉት ገበያ ትሄዳለች። ሮተሯን በሦስት ደቂቃ አስገባታለሁ። ከዚያ መካኒክ አምጥቼ አሠራኋት እላለሁ። ከእንግዲህ ሰው ሲታመም ሌት ተቀን አመላልሳለሁ፣ ቤንዚኑም ከኔ። ለልጁ ክርስትና በግ እሰጣለሁ። ሱፍያንንም ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ። እንዲህ ከሆነ ማን ተጎዳ?

ልጁ ተጎዳ። ተጎድቶ እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ ዛሬ ቀጠሮ አለው ብለዋል፣ ዓይኑንና ጆሮውን ሊያዩለት። ይሄን ጦይባ ናት የነገረችኝ፤ ከሳምንት በኋላ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ነገር ነው። ከነገረችኝ በኋላም አልሄደችም። ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ሮተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ወጣች።

ዝናቡ እንደ ጥቅምቱ ዓርብ ነው የሚወርደው። ተሻለ ባጃጅ ፍለጋ ዳገቱን ሲወጣ አይቼዋለሁ። ቆይቷል። ማንም ወደዚህ አይወርድለትም።

ልነግረው አስቤ ነበር እኮ። እስቲ ሲመለስ አልኩ። ሲመለስ ደግሞ ይደክመዋል፣ ስለዚህ

በር ተንኳኳ። ጦይባ ከፈተች።

ውዳሴ ናት። ገና አራስ ናት፣ ከቤት መውጣት የለባትም። ልጁን በጋቢ ጠቅልላ፣ ላዩ ላይ ላስቲክ አልብሳ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ነው። እናቷ ከግቢያቸው ተመለሺ እያለች ትጠራታለች። ውዳሴ አልዞረችም። «ጋሽ ከማል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነው ቀጠሮው» አለችኝ። «አባዬ አላገኘም። ፌንጣ አንዴ ብትሞከር ትነሳ ይሆን?» ከዚያ ፈገግ አለች። ቆጮ ያልኳት ቀን እንደሳቀችው ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ሱፍያንን እንዳትቆጡት። ያን ዕለት እጁ እየደማ ነበር የሚሞክረው።»

ጦይባ ናት የመለሰችላት። «ትነሳለች፣ የኔ ልጅ። እሱ ያስነሳልሻል» አለቻት።

ጃኬቴን ልልበስ ብዬ ነው ወደ ውስጥ የገባሁት። እየጠበቀችኝ ነው። በመስኮቱ አያታለሁ፤ ልጁን ከዝናቡ ለመከለል ፌንጣ ጎን ተጠግታ ቆማለች፣ አንድ እጇን ኮፈኑ ላይ አድርጋ። ሮተሯ እዚህ፣ ከእስክሪብቶዬ አጠገብ ናት። ያንን እጅ አንሺልኝ ሳልላት፣ እሷም ሳታየኝ ኮፈኑን መክፈት አልችልም።